በጦርነት መካከል የበሰለ ወይን ጠጅ፤ የሊባኖሱ የሆሻር ቤተሰብ ታሪክ

የሰው ልጅ ከሚሠራው ሥራ አንዳንዱ ዋጋው ወዲያው የሚገኝ ነው። ነጋዴ ጠዋት የገዛውን ማታ ሸጦ ትርፉን ይቆጥራል፤ ሸክላ ሠሪ ያበጀችውን አድርቃና ተኩሳ በሳምንቱ ገበያ ታወጣዋለች። ሌላው ሥራ ግን ዘሪው ሌላ አጫጁ ሌላ የሚሆንበት፣ አባት የጀመረውን ልጅ የሚያደርሰው፣ ልጅ ያኖረውንም የልጅ ልጅ የሚቀምሰው ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ከሚቆጠሩት ሥራዎች አንዱ ለብዙ ዘመን የሚቀመጥ ወይን ጠጅ መጥመቅ ነው። ዛሬ የምናወሳውም በሊባኖስ አገር፣ ጋዚር በተባለች ከተማ፣ ሻቶ ሙሳር በሚል ስም የሚታወቀውን የወይን ጠጅ ቤትና እርሱን ያቋቋመውን የሆሻርን ቤተሰብ ታሪክ ነው። ይህን ቤት የመረጥነው መጠጡ ስመ ጥር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ 15 ዓመት በፈጀ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል ለነገ መሥራትን ስላልተወ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ሊባኖስ በሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ ስፋቷ 10452 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ትንሽ አገር ናት። ስሟ ለእኛ ከመጻሕፍት የታወቀ ነው፤ በዘመናችንም ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ ሄደው ኖረውባታል። ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ የሊባኖስ ተራራ ሰንሰለት ይነሣል፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ይህን ተራራ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የወረደ ሰው ቤካ የሚባለውን ሰፊ ሸለቆ ያገኛል። ሸለቆው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በበጋ ቀኑ ፀሐያማና ደረቅ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ዓይነቱ አየር ለወይን ተክል እጅግ ይስማማዋል፤ የቀኑ ፀሐይ ፍሬውን ሲያጣፍጠው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታልና።

እንግዲህ የሆሻር ቤተሰብ የወይን እርሻ የሚገኘው በቤካ ሸለቆ ሲሆን፣ ወይኑ የሚጠመቅበት ቤት ግን ከቤይሩት በስተ ሰሜን፣ ከተራራው ወዲህ በባሕሩ በኩል ነው። ቤቱ በዚህ የተሠራበትን ምክንያት ሲናገሩ፣ በዚያን ዘመን ቤካ ከሊባኖስ ጋር ይሁን ከሶርያ ጋር ገና በእርግጥ አይታወቅም ነበርና ነው ይላሉ። አድማጮቻችን ይህን ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ ኋላ የደረሰው መከራ አብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነውና።

በሊባኖስ ምድር ወይን ማልማት የትናንት ሥራ አይደለም። ፊንቃውያን የተባሉት ጥንታውያን የባሕር ነጋዴዎች ከጢሮስ፣ ከሲዶንና ከቢብሎስ ወደቦች ወይን ጠጅ በሸክላ እንስራ እየጫኑ ወደ ግብጽና ወደ ሌሎችም አገሮች ይልኩ ነበር። በ1999 ተመራማሪዎች በአስቀሎና ፊት ለፊት፣ 400 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የሰጠሙ ሁለት የፊንቃውያን መርከቦችን ከነእንስራዎቻቸው መርምረዋል። ከሲዶን በስተ ደቡብ ቴል ኤል ቡራክ በተባለው ስፍራም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ይሠራበት የነበረ በኖራ የተለሰነ የወይን መጭመቂያ ተቆፍሮ መገኘቱ በ2020 ለዓለም ተገልጿል። ነቢዩ ሆሴዕም በመጽሐፉ መጨረሻ ምዕራፍ የሊባኖስን ወይን ጠጅ በመልካም ዝና ይጠቅሰዋል። ሮማውያን ደግሞ በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በቤካ ሸለቆ ውስጥ በበዓልቤክ ከተማ፣ ባኮስ የሚሉት የወይን አምላካቸው የተመለከበት ነው የሚባለውን ታላቅ ቤተ መቅደስ ሠርተዋል። የበሩ መቃን በወይን ሐረግ ሥዕል የተቀረጸ ሲሆን፣ ሕንጻው እስከ ዘመናችን ከደረሱት የሮማውያን ቤተ መቅደሶች ሁሉ ይዞታቸው ካማረው አንዱ ነው።

በኋለኛው ዘመን አገሩ በእስላም ነገሥታት እጅ በገባ ጊዜ የወይን ጠጅ ንግድ ቀዘቀዘ፤ ይሁን እንጂ ክርስቲያኖቹ ለቅዱስ ቍርባንና ለቤታቸው የሚሆነውን መጥመቅ አልተዉም። በ1857 የኢየሱሳውያን መነኮሳት በቤካ ክሳራ በተባለው ስፍራ አዲስ የወይን እርሻ አቋቋሙ፤ የአዲሱ ዘመን የሊባኖስ ወይን ጠጅ ሥራም ከዚህ እንደ ተጀመረ ይቆጠራል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳዮች አገሩን በሞግዚትነት በያዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር የመጡት ሹማምንትና መኮንኖች ብዙ ወይን ጠጅ ይፈልጉ ስለ ነበር ሥራው ይበልጥ ተስፋፋ።

ጋስቶን ሆሻር ሥራውን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ በ12ኛው መቶ ዓመት በመስቀል ጦርነት ዘመን ከፈረንሳይ አገር ከፒካርዲ መጥቶ በሊባኖስ እንደ ቀረ ይነገራል። ጋስቶን በፈረንሳይ የቦርዶን የወይን ጠጅ አሠራር አይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1930 ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በጋዚር በሚገኝ በ18ኛው መቶ ዓመት በተሠራ የግንብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን ወይን ጠመቀ። ግንቡ «መዛር» ይባል ነበር፤ በአረብኛ ሰው ሊያየው የሚሄድበት የተወደደ ስፍራ ማለት ነው፤ ሙሳር የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በሊባኖስ የነበረው ሻለቃ ሮናልድ ባርተን ከጋስቶን ጋር ተወዳጀ። ባርተን በቦርዶ ከ1821 ጀምሮ የወይን እርሻ የያዘ ቤተሰብ ተወላጅ ስለ ነበር፣ ወዳጅነታቸው ለጋዚሩ ቤት ትልቅ ትምህርት ሆነለት።

የጋስቶን የበኵር ልጅ ሰርዥ ሆሻር በ1939 ተወለደ። አስቀድሞ የተማረው የመሐንዲስነት ሙያ ነበር፤ በኋላ ግን ልቡ ወደ አባቱ ሥራ ስላዘነበለ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ አጠማመቅ ትምህርት ተከታተለ። በ1959፣ 20 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የጠመቃውን ሥራ ከአባቱ ተረከበ። ወንድሙ ሮናልድ ደግሞ በ1962 ገብቶ የገንዘቡንና የንግዱን ኀላፊነት ያዘ። ሰርዥ ቀይ የወይን ጠጁን በሚፈልገው ዓይነት ለማውጣት 18 ዓመት ያህል ሲሞክርና ሲያስተካክል ቆይቶ በ1977 መጨረሻውን አገኘ። ይህም ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሳንሶና ካሪኛን የተባሉት ሦስት የወይን ዓይነቶች በየብቻቸው ተጠምቀው በኋላ የሚቀላቀሉበት ስልት ነው። ለነጩ የወይን ጠጅ ግን ከውጭ የመጣ ዘር አልፈለገም፤ ኦባይዴና መርዋ የሚባሉትን የአገሩን ጥንታዊ ወይኖች መረጠ።

አሁን ደግሞ ቤቱን ሊጎበኝ የሄደ ሰው የሚያየውን በአሳባችን እንከተል። ጎብኚው ከቤይሩት ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ከተጓዘ በኋላ፣ የጁኒዬን የባሕር ሰላጤ ቁልቁል እያየ ወደ ጋዚር ይወጣል። በመጀመሪያ የሚያየው ወይኑ የሚፈላባቸውን የሲሚንቶ ገንዳዎች ነው። ፍላቱን የሚያስነሣው በፍሬው ልጣጭ ላይና በቤቱ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው እርሾ ነው። ከዚያ ቀዩ የወይን ጠጅ ኦክ ከሚባል የፈረንሳይ ጠንካራ እንጨት ወደ ተሠሩ በርሜሎች ተዛውሮ አንድ ዓመት ይቀመጣል። እንደ ገና ወደ ገንዳ ተመልሶ ይቀላቀልና በ3ኛው ዓመት መጨረሻ በጠርሙስ ይሞላል፤ ሳይጣራ የሚሞላ ስለ ሆነ ከጊዜ በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ዝቃጭ ይገኛል። ከተሞላ በኋላም ወዲያው አይሸጥም፤ በምድር ቤት አራት ዓመት ያህል ይተኛል። ስለዚህ ቀዩ የሙሳር ወይን ጠጅ ለገበያ የሚወጣው ፍሬው ከተለቀመ በ7ኛው ዓመት ነው። በእኛ አገር ጠጅ የምትጥል እመቤት ጠጇ እስኪደርስ የምትጠብቀው ሳምንታትን እንደ ሆነ ብናስብ፣ የዚህ ቤት ትዕግሥት ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባናል።

ወደ ምድር ቤቱ የወረደ ጎብኚ ብርሃን በደከመበት ቅዝቃዜ ውስጥ ጠርሙሶች በአግድም ተኝተው እንደ ግድግዳ ተደርድረው ያያል። እንዲተኙ የሚደረገው መጠጡ ቡሹን ነክቶ እንዳይደርቅ እንዲጠብቀው ነው፤ ቡሽ ከደረቀ አየር ያስገባልና። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተጠመቁ ወይኖች በዚህ ቤት ተጠብቀው ቆይተዋል። የዘመን ብዛት በጠርሙሱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። በአዲስ ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ታኒን የሚባል፣ ምላስን የሚያደርቅና የሚያኮማትር ነገር አለ፤ ይህም በሻይ ቅጠል ውስጥ የሚገኘውን የመሰለ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና የቀለሙ ንጥረ ነገር እየተያያዙ ይከብዱና ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ስለዚህ ጣዕሙ ይለዝባል፣ ወይን ጠጅ የነበረው መልኩም ወደ ሸክላ ቀለም ይለወጣል። ነጩ በአንጻሩ እያደር ይደምቃል፤ ገለባ የመሰለው መልኩ ወርቅማ ከዚያም ማር መሰል ይሆናል። ዳሩ ግን ዘመን መጥፎውን መልካም አያደርግም። ከመጀመሪያው ጥሩ ፍሬ፣ በቂ ኮምጣጣነትና ኀይል የሌለው ወይን ጠጅ ቢቀመጥ ይበላሻል እንጂ አይሻሻልም።

በ1975 በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ አገሩን በየወገኑ ከፋፈለው፤ መንገዶች በታጠቁ ሰዎች ተዘጉ፤ ድንበር ያልነበረበት ስፍራ ሁሉ ድንበር ሆነ። አስቀድመን ያመለከትነው የአገር አቀማመጥ መከራ ሆኖ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የወይኑ እርሻ በቤካ፣ መጥመቂያው በጋዚር፣ በመካከላቸው ደግሞ ከፍ ያለው ተራራና የተፋላሚዎቹ መስመር ነበር። የወይን ፍሬ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ቀን የሚጠብቅ አይደለም፤ በደረሰበት ቀን ካልተለቀመ በዛፉ ላይ ይበሰብሳል፣ ከተለቀመም በኋላ ቶሎ ካልደረሰ በጭነቱ ላይ መፍላት ይጀምራል። በ1976 መንገዱም ስለ ተዘጋ፣ ነዳጅና ኤሌክትሪክም ስለ ጠፋ፣ ከዚያ ዓመት ፍሬ ምንም ወይን ሊጠመቅ አልቻለም። በቤቱ መዝገብም የ1976 ስፍራ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሥራው በየመከሩ ከሞት ጋር መተያየት ሆነ። ለቃሚዎቹ የመድፍ ድምፅ እየሰሙ ይለቅማሉ፤ ሾፌሮቹ ፍሬውን ጭነው ከኬላ ወደ ኬላ እየተለማመጡ ያልፋሉ። በ1982 የእስራኤል ጦር ሊባኖስን በወረረ ጊዜ ጦርነቱ እስከ ቤካ ደርሶ ነበር፤ ሆኖም የዚያ ዓመት ወይን ተለቅሞ ተጠመቀ። በ1984 ግን መንገድ ሁሉ ስለ ተዘጋ፣ በደኅናው ጊዜ የጥቂት ሰዓት የነበረው ጉዞ ቀናት ፈጀ፤ ፍሬውም ጋዚር ሳይደርስ በመኪናው ላይ መፍላት ጀመረ። ሰርዥ ግን የደረሰውን አላስደፋውም፤ ጠመቀው። ሆኖም እንደ ሌሎቹ ዓመታት ምርት በተለመደው ጊዜ ለገበያ አላወጣውም፤ በምድር ቤቱ አስቀመጠው። ያው ምድር ቤት በጦርነቱ ወራት የጎረቤት ሰዎች ከመድፍ የሚጠለሉበት ነበር። ለዘመናት እንዲቀመጥ የታሰበው መጠጥና አንዲትን ሌሊት ለማለፍ የሚጸልየው ሕዝብ ባንድ ጣራ ሥር አደሩ።

በዚህ ላይ የገበያው ችግር ተጨመረ። ከጦርነቱ በፊት የሙሳር ወይን ጠጅ በአብዛኛው የሚሸጠው በዚያው በሊባኖስ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ገዢው ተበተነ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን በምድር ቤት ያለውን ሁሉ በርካሽ ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ አገር መሄድን ይመርጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ይህን አድርገዋል፣ ሕይወትን ማትረፍም የሚያስነቅፍ አይደለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ልማዱን ሳያፈርሱ፣ የጠርሙሱን ዓመት ሳያሳጥሩ፣ ወይን ጠጃቸውን ይዘው በውጭ አገር ገበያ ፍለጋ ወጡ። በ1979 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ በተደረገው የወይን ጠጅ ትርኢት ላይ ሰርዥ የ1967ን ቀይ ወይን አቀረበ። በለንደን የክሪስቲ ሐራጅ ቤት የወይን ጠጅ ክፍል ሹም የነበረው ማይክል ብሮድቤንት ይህን ቀምሶ የትርኢቱ ታላቅ ግኝት መሆኑን መሰከረ። ከዚያ ወዲህ የሙሳር ስም በእንግሊዝ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች ታወቀ። በ1984፣ ፍሬው በመንገድ በፈላበት በዚያው ዓመት፣ ዲካንተር የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የዓመቱ ሰው የሚለውን ሽልማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቋቁም የሰጠው ለሰርዥ ሆሻር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። በ1979 ቤቱን ያዳነው የ1979 ሥራ አልነበረም፤ ከ12 ዓመት በፊት፣ ማንም ጦርነት ይመጣል ብሎ ሳይጠረጥር፣ በሰላሙ ጊዜ ተጠምቆ በትዕግሥት የተቀመጠው የ1967 ወይን ነው። ያ ወይን በወቅቱ በችኮላ ተሽጦ አልቆ ቢሆን ኖሮ፣ በክፉው ቀን ለምስክርነት የሚቀርብ ነገር ባልተገኘ ነበር። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

በሙሳር ቤት እንግዳ ሲቀበሉ አንድ ልዩ ልማድ አላቸው። በአውሮጳ እንደ ተለመደው ነጩን አስቀድመው ቀዩን አያስከትሉም፤ ቀዩ ቀድሞ ይቀመስና ያረጀው ነጭ በመጨረሻ ይቀርባል። ሰርዥ ነጩን ከቀዩ ያላነሰ ኀይል ያለው አድርጎ ይቆጥረው ነበርና። አሮጌው ጠርሙስ ከመከፈቱ አስቀድሞ ዝቃጩ ወደ ታች እንዲረጋ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከዚያ በዝግታ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ጎብኚው ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ሲሸጋገር የአንዲትን አገር ታሪክ በምላሱ የሚያነብ ይመስላል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመት የአየሩን ጠባይ ብቻ አይናገርም፤ በዚያ ዓመት መንገዱ ክፍት እንደ ነበር፣ ለቃሚው በሕይወት ወጥቶ እንደ ገባ፣ ሾፌሩም ተራራውን እንደ ተሻገረ ይመሰክራል። የጎደለው ዓመትም በመጉደሉ ይናገራል።

ጦርነቱ በ1990 አበቃ። የቤተሰቡ ልጆችም በተራቸው ወደ ሥራው ገቡ። ሰርዥ ሆሻር በታኅሣሥ ወር 2014 የመጨረሻ ቀን፣ ለዕረፍት ከቤተሰቡ ጋር በሄደበት በሜክሲኮ አገር፣ በባሕር ሲዋኝ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራው ግን ከእርሱ ጋር አልቆመም። ከእርሱ በኋላም ሊባኖስ ብዙ አይታለች፤ በ2019 የጀመረው የገንዘብ ውድቀት፣ በነሐሴ 2020 የቤይሩትን ወደብ ያወደመው ፍንዳታ፣ በ2024 መከርም እንደ ገና በቤካ ላይ የወረደው የአውሮፕላን ድብደባ ሁሉ በላይዋ አልፏል። በ2014 ከተለቀመው ፍሬ የተጠመቀው ቀይ ወይን ለገበያ የሚወጣበት 7ኛው ዓመት 2021 ነበርና፣ ሰርዥ በመጨረሻ መከሩ ያኖረውን የቀመሱት ሌሎች ናቸው። እርሱም ሥራው እንዲህ ያለ መሆኑን አውቆ ነው የኖረው።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ስለ መጠጥ አይደለም፤ መጠጥስ በልክ ካልሆነ ጥበቡን ሁሉ ያጠፋዋል። የምንማረው ጊዜን ስለ መያዝ ነው። በክፉ ዘመን ሰው አሳቡ ያጥርና የዛሬን ብቻ ያያል፤ ዘሩን ቆርጥሞ ይበላል፣ ጥላ የሚሆነውን ዛፍ ለማገዶ ይቆርጣል፣ ከአባቱ የወረሰውን ሙያ ንቆ ይተወዋል። ይህ በችግር የተገደደ ሰው ሥራ ስለ ሆነ ልንፈርድበት አይገባም፤ ነገር ግን በየአገሩ ጥቂቶች እንኳ ለነገ የሚሆነውን የሚያስቀምጡ ካልተገኙ፣ ክፉው ቀን ባለፈ ጊዜ የሚጀመርበት ነገር ይጠፋል። የሆሻር ቤተሰብ ጦርነቱን ማስቆም አልቻለም፤ በእጁ የነበረው የወይን እርሻ፣ ምድር ቤትና የሰባት ዓመት ልማድ ነበር። ያንኑ በእጁ ያለውን ጠበቀ። እኛም በየሙያችን፣ ገበሬው በዘሩ፣ ሸማኔው በጥበቡ፣ መምህሩ በተማሪው፣ በ7ኛው ዓመት የሚከፈት አንዳች ነገር ዛሬ ያኖርን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።